የፋኑ ግዝት

ተናኜ አፏ የሚቀድማት ሴት ናት። ይኸን ፍኖተ ሰላም ውስጥ የማያውቅ የለም። እሷም ታውቃለች፤ ችግሩ የምታውቀው ሁልጊዜ ከተናገረች በኋላ መሆኑ ነው።

እንጀራዋ ኮምፒውተሯ ነው። ከመንገድ ዳር ባለችው የቤቷ ክፍል ተቀምጣ ማመልከቻና የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ትተይባለች። ክረምቱ ሲገባ ማሽኑ አርጅቶ አንዲት ገጽ ለመክፈት ደቂቃ ሲፈጅባት ጊዜ ቡሬ ወስዳ ወንዳወቅ ለሚባል ጠጋኝ ሰጠችው። ወንዳወቅ ራም ጨመረለት፣ ዲስኩን በአዲስ ቀየረለትና “እንግዲህ እንደ አዲስ ተወልዷል በይ” ብሎ መለሰላት። እውነትም ፈጠነ። በሦስተኛው ቀን ግን ሳጥኑ ከኋላው በኩል መጮኽ ጀመረ። እንዲያው ሽው የሚል እንዳይመስላችሁ፤ የእህል ወፍጮ በሉት። ደንበኛ “ስሜ በጸሎቱ ጸ ነው፣ በፀሐዩ ፀ አይደለም” እያለ ቢጣራ አይሰማም።

“ደህናውን ማቀዝቀዣ ፋኔን አውጥቶ አሮጌ ገጠመብኝ!” አለች ተናኜ፤ ማንንም ሳትጠይቅ ፈረደች። ስትደውልለት ወንዳወቅ “እትየ፣ ፋኑን አልነካሁትም፤ አምጭውና ልየው” ቢላት “ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል” ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ከዚያ ወዲህ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ጩኸቱን እያስደመጠች “የቡሬው የወንዳወቅ ሥራ” ትል ጀመር። ከደንበኞቿ ግማሾቹ ቡሬ ካምፓስ የሚማሩ ናቸው፤ ወሬው በሚኒባስ ተሳፍሮ ከነሱ ቀድሞ ቡሬ ገባ።

ይህም አልበቃት። ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባታቸው ቄስ ገነነ ቤቱን ጸበል ሊረጩ ሲመጡ እግራቸው ላይ ወድቃ “ሌባዬን ይገዝቱልኝ” አለች።

“ተይ ልጄ” አሉ ቄሱ። “ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ማን ላይ እንደሚያርፍ በምን እናውቃለን?”

“እኔ አውቃለሁ፣ አባቴ።”

ለምና ለምና አስጨነቀቻቸው። በመጨረሻ መስቀላቸውን አነሡና “ከባለቤቷ ተደብቆ በዚህ ሳጥን ውስጥ እጁን ያስገባ፣ ወጥቶ እስኪናገር ድረስ የተገዘተ ይሁን፤ ከቅዱስ ቁርባንም ይከልከል” አሉ። ከመደቡ ላይ ተቀምጠው የነበሩት እናቷ ወይዘሮ ደስታነሽ “አሜን” አላሉም። ተናኜም ልብ አላለችም።

ወይዘሮ ደስታነሽ የፍልሰታ ቁርባን አምልጧቸው አያውቅም። ዘንድሮ ልባቸው ደክሞ ሐኪም እንኳ “ከቤት አይውጡ” ቢላቸው “የመጨረሻዬን ቁርባን ልትከለክለኝ ነው?” ብለው ተቆጥተውታል። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ቅዳሴ ሲሰሙ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዝናቡ ላይ ይቆሙ ጀመር። ማታ ሹሮውን ቀምሰው ይተውታል።

“እማየ፣ ልብሽን ነው የሚያምሽ?” ትላለች ተናኜ ተጨንቃ።

“ልቤን ነው፣ ልጄ።”

ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ጧት ተናኜ በሯን ስትከፍት ወንዳወቅ ከቄስ ገነነ ጋር ቆሟል። ከስቷል፤ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው።

“እትየ፣ በስሜ ግዝት ወጣ ሲሉ ሰማሁ” አለ። “የሰረቅሁ እኔ ከሆንሁ አባታችን ፊት ይውጣ። ካልሆንሁም ይታይልኝ። እንዲህ ሆኜ ማደር አልቻልሁም።”

“ይከፈታ! ማን ፈራ?” አለች ተናኜ።

ወንዳወቅ የሳጥኑን ጎን ፈትቶ ማሽኑን አስነሣው። ወፍጮው ጀመረ። የፕሮሰሰሩን ፋን እምብርቱ ላይ በጣቱ ጫፍ ለቅጽበት ያዘው፤ ጩኸቱ አልቆመም። ጆሮውን ወደ ኃይል ማከፋፈያው ፋን አስጠጋ፤ እሱም አይደለም። ከኋላ በኩል ወዳለው ፋን እጁን ሰደደና እምብርቱን ተጫን አደረገው። ቤቱ ጸጥ አለ።

“ይኸ ነው” አለ። “ያውም የራስሽ አሮጌው ፋን ነው፤ ክንፉ እንኳ እንደተሸረፈ ነው።”

የተሸረፈውን ክንፍ ተናኜ ታውቀዋለች። ወንዳወቅ ማሽኑን አጥፍቶ ፋኑን ነቀለና በወረንጦ ከእምብርቱ ሥር አንድ ነገር ይመዝ ጀመር። ጥቁር ክር ነው። ቢስበው ቢስበው አያልቅም፤ ጫፉ ከኋላው ወንፊት ላይ በሦስት ቋጠሮ ታስሯል።

ማተብ ነው።

ተናኜ ጎንበስ ብላ አየችው። ለጎረቤቱ ሕፃን ሁሉ፣ ክርስትና በተነሣ ቁጥር፣ ማተብ የሚያከሩት እናቷ ናቸው፤ አከራረሩን በጨለማም ብትዳስሰው አትስተውም። ዞራ ማየት ፈራች። እንደምንም ዞረች።

ወይዘሮ ደስታነሽ ከመደቡ ወርደው ቆመዋል።

“እጄን ያስገባሁ እኔ ነኝ፣ አባቴ” አሉ። “‘እንደ አዲስ ተወለደ’ ብላ ደስ ብሏት ነገረችኝ። ደንበኛው ሁሉ ‘አቤት ፍጥነቱ’ ሲል ሰማሁና ዓይን እንዳይበላባት ፈራሁ። ለተወለደ ማተብ ይታሰርለት የለ? አሰርሁለት። መጮኹ በኔ ክር መሆኑን ግን አሁን ገና አየሁ።”

“ታዲያ ምነው አትነግሪኝም፣ እማየ! ከቁርባን ተከልክለሽ፣ ዝናብ እየመታሽ!” አለች ተናኜ።

“እጅ ያስገባችው እናቷ ናት ቢባል፣ ያን ሁሉ ካወራሽ በኋላ በምን ዓይንሽ ሰው ፊት ትቆሚያለሽ? ከምታፍሪብኝ እኔ ከቁርባን ልቅር ብዬ ነው።”

ተናኜ በሕይወቷ አፏ ሲከዳት የመጀመሪያ ቀኗ ነው። ወደ ጓሮ ወጣች፣ ከአጥሩ ሥር ትልቅ ድንጋይ አነሣች፣ ጫንቃዋ ላይ አድርጋ ተመለሰችና ወንዳወቅ እግር ሥር ተንበረከከች። ወንዳወቅ ደንግጦ “ኧረ በማርያም፣ እትየ!” እያለ ድንጋዩን በሁለት እጁ አወረደላት።

“ይቅር ብያለሁ። እግዜር ሁላችንንም ይቅር ይበለን።”

“እሰየው፣ ልጄ” አሉ ቄሱ። “እንግዲህ ቶሎ ወደ ሥራህ ተመለስ።”

ወንዳወቅ አንገቱን ደፋ። “ሱቁን ሰኞ ለቀቅሁ፣ አባ። ሰው እቃውን አላምንም አለኝ። ኪራዩ ከየት ይምጣ?”

ተናኜ የተንበረከከችበት ቀረች። ቄስ ገነነ መስቀላቸውን አውጥተው ወደ ወይዘሮ ደስታነሽ ዞሩ።

“እርስዎ እንኳ ተናግረዋል፣ ይቅረቡ ልፍታዎ። ፍልሰታ ሊያልቅ አራት ቀን ነው የቀረው።”

ወይዘሮ ደስታነሽ ነጠላቸውን ሰብስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

“እኔን ፈትተው ይኸን ልጅ የት ይተውታል? ክሩ የኔ ነው። እሱ ሱቁን ሳይከፍት እኔ አልፈታም፣ አባቴ።”

“ሱቁ እስከ ፍልሰታ ባይደርስስ?” አሉ ቄሱ ደንግጠው። “ጤናዎም…”

“ባይደርስ ይቅርብኛ።”

ይህን ሲሉ ልጃቸውን አላዩም። ማየትም አላስፈለጋቸው። ተናኜ ጉልበቷን ሳታራግፍ ብድግ ብላ ጃንጥላዋን አነሣች።

“ና ተነሥ፣ ወንዳወቅ” አለች፤ እንባዋ እየወረደ። “ቡሬ እንሂድ። ያከራየህ ሰውየ ቤቱ የት ነው?”