ተራ ቁጥር ሃያ ሰባት

ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲል እግሬ በራሱ ጊዜ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ታምሜ አይደለም። ከአክስቴ ስፌት ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የስምንተኛ ቢ ክፍል መስኮት አለ። መንገዱ ከመጥበቡ የተነሳ እዚያ ማዶ አንዱ ሲያስነጥስ እኛ ከዚህ «ይማርህ» እንላለን። በዚያ ሰዓት የሒሳብ አስተማሪው ስም ይጠራል። ስም ስል ለወጉ ነው፤ የሚጠራው ቁጥር ነው። «ስም ይመሳሰላል፣ ቁጥር ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው» ይላል። የኮቱ ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ ዱቄት የነጣ ስለሆነ እኛም «ጠመኔ» እንለዋለን። እሱ ቁጥር ሰጠን፣ እኛ ቅጽል ስም ሰጠነው፤ ማንም አልተበደለም።

«ሃያ አምስት!»

«አቤት!»

«ሃያ ስድስት!»

«አቤት!»

«ሃያ ሰባት!»

ጭጭ። ሃያ ሰባት እኔ ነኛ! ከዚያ ክፍሉ መዝሙር ያጠና ይመስል ባንድ ድምፅ «የለችም!» ይላል። ጠመኔ ግን ቶሎ ወደ ሃያ ስምንት አያልፍም። እስከ አምስት የሚያስቆጥር ያህል ይጠብቃል። እኔ በዚያች አምስት ውስጥ የስፌት መኪናዬን መርገጫ እንደ እብድ እረግጠዋለሁ፣ ዝምታው እንዳይሰማኝ።

ሰባት ሳምንት የኖርኩት እንዲህ ነው።

ከትምህርት ያስቀረኝ ሰው የለም። አንድ ቀን ከክፍል ስመለስ አክስቴ መኪናዋ ላይ ክር ልታስገባ ስትታገል ደረስኩ። እኔ «እቴቴ» ነው የምላት፤ ከልጅነቴ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ክሩን በምራቋ አርጥባ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ ከመርፌው ቀዳዳ በስተግራ ባዶ አየር ላይ ትሰካለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ስታየኝ ክሩን ለቀቅ አደረገችና «መቀሴን የት አባቴ ጣልኩት?» አለች። መቀሱ አንገቷ ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል።

ምንም አላልኩም። በማግስቱ ደብተሬን ከካውያው መደርደሪያ ስር ወሽቄ ሁለተኛው መኪና ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ምንም አላለች። እኛ ቤት ትልልቁ ነገር የሚወሰነው እንዲህ ነው፤ ሁለት ሰው አፉን ዘግቶ።

ስፌቱንማ እቴቴ ዓይኗን ጨፍናም ትሰፋዋለች፣ እጇ ያያል። ክር ሲበጠስ ነው ጣጣው። «ክር!» ትላለች፤ እሮጣለሁ፣ አስገባለሁ፣ እመለሳለሁ። ገና ከመቀመጤ «ክር!»። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ለዚህ ተብሎ ስምንት ዓመት ፊደልና ሒሳብ ተማርኩ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጠመኔ ራሱ ስፌት ቤታችን መጣ። እቴቴ ከመጋረጃው ጀርባ ትተኩሳለች። ኮቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ኪሴ ተቀደደ» አለኝ።

«ድንጋይ ነው እንዴ የሚይዙበት፣ ቲቸር?»

«ጠመኔ ነው።»

«ይሄን ሁሉ?»

«ሃምሳ አንድ ልጅ ነው ያለኝ» አለ። «ሃምሳ ሁለት ነበሩ።»

ወግ የጀመርኩት እኔ ነኝና ዋጥ አደረግኳት። ኪሱን መስፋት ጀመርኩ። እሱ ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ነገ ሠላሳ አምስተኛ ቀንሽ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«የምኑ?»

«የመቅረትሽ። ሠላሳ አምስት ቀን በተከታታይ የቀረ ተማሪ ከስም መጥሪያው ይሰረዛል። የተሰረዘ ደግሞ የስምንተኛን ፈተና አይፈተንም። እስከ ዛሬ መቅረትሽን የጻፍኩት በእርሳስ ነው። ነገ ግን ዳይሬክተሩ እስክሪብቷቸውን ይዘው ይመጣሉ።»

«በእርሳስ ለምን ጻፉት?»

«ላጲስ ስላለኝ» አለና ኮቱን ተቀበለኝ። ልክ በሩ ላይ ሲደርስ ዘወር አለ። «በጠዋቱ ብቻ ስንት ጊዜ ነው ክር የሚበጠሰው?»

«ስድስት፣ ሰባት ጊዜ። ምነው?»

ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ የሆነ ነገር እየቆጠረ ወጣ። የሒሳብ አስተማሪ እንዲህ ነው፣ መንገድ ላይም ቁጥር አይለቀውም ብዬ ተውኩት።

እሱ ሲወጣ ደግሞ ዳይሬክተሩ ገቡ። ዳይሬክተሩን በሌሉበትም አንቱ ነው የምላቸው፤ ያስፈራሉ። የኮታቸው ገበር ከስር ተተርትሯል። «ነገ አራት ሰዓት ስብሰባ አለብኝ። በጠዋት ይድረስልኝ» ብለው ኮቱን አስቀመጡና እኔን አይተው እንዳላዩ ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት ከወትሮው ቀድሜ ተነሳሁ። እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ በቤቱ ያለውን የእጅ መርፌ ሁሉ ሰበሰብኩና ክር አስገባሁበት። አሥራ ስምንት መርፌ። መርፌ መሰኪያው ትራስ ላይ ደረደርኳቸው፣ እያንዳንዱ ጭራውን አንጠልጥሎ። ለምን እንዳደረግኩት ብትጠይቁኝ አላውቅም። ለመኪናው ግን ይሄ አይሠራም፤ የመኪና መርፌ አንድ ነው፣ በተበጠሰ ቁጥር ዓይን ይፈልጋል።

እቴቴ ትራሱን በጣቷ ዳሰሰችው። ጭራዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።

«ምን ነካሽ? ሠርግ አለብን እንዴ?» አለች።

«እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ» አለች እሷም፣ እየሳበች። ከዚያ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች።

እኔም የዳይሬክተሩን ኮት ጭኔ ላይ አድርጌ ገበሩን መስፋት ጀመርኩ። አንዱ እግሬ ይረግጣል፣ አንዱ ይንቀጠቀጣል። በመስኮት አሻግሬ ሳይ ዳይሬክተሩ በሸሚዝ፣ እስክሪብቷቸውን እንደ ጦር ይዘው፣ ጠመኔ አጠገብ ቆመዋል።

«አንድ!»

«አቤት!»

ቁጥሩ እየቀረበ ሲመጣ ስፌቴ ፈጠነ። አሥራ ሁለት። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ አራት። ሃያ ስድስት ላይ ጨርቁን አላየሁትም፤ ዓይኔ ማዶ ነው።

«ሃያ ሰባት!»

ዛሬ ማንም «የለችም» አላለም። ሃምሳ አንድ ልጅ አፉን ዘጋ። ጠመኔ ጠመኔውን ጣለ። ጎንበስ ብሎ ፈለገው። እግሩ ስር ያለውን ጠመኔ ለማግኘት ያን ያህል የሚቆይ ሰው አይቼ አላውቅም። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ መወልወል ጀመረ፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን፣ ከዚያ እንደገና ቀኙን።

«ይቀጥሉ እንጂ!» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አቧራ ነው ጌታዬ። ቁጥሩ አልታይ አለኝ።»

አላስቻለኝም። ከተቀመጥኩበት «አቤት!» ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሩ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ክፍል ውስጥ ያልተባለ አቤት አይቆጠርም!»

የእቴቴ መኪና ቀጥ አለ።

«አንቺ ቀዥቃዣ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ሰውዬው እየጠራሽ!»

«ክሩስ እቴቴ?»

«የደከመው ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ ደህና ነው። ትናንትም ያላችሁትን ሰምቻለሁ። አንቺ መጥተሽ ቁጭ አልሽ፣ እኔም ስለተመቸኝ ዝም አልኩ። ነውሬ እሱ ነው። በይ አሁን ተነሺ!»

ብድግ አልኩ። የዳይሬክተሩ ኮትም አብሮኝ ብድግ አለ።

ጉድ ፈላ! ጎንበስ ብዬ ሳይ ገበሩን ከኮቱ ጋር ብቻ አይደለም የሰፋሁት፤ አብሮ ተስቦ መርፌው ስር የገባውን የጉርድ ቀሚሴን እጥፋትም ጨምሬ፣ አንድ ስንዝር ሙሉ፣ ጥቅጥቅ ባለ ስፌት። እንዲህ ያማረ ስፌት በሕይወቴ ሰፍቼ አላውቅም። ለመተርተር ሩብ ሰዓት ይፈልጋል። እቴቴ መጥታ በእጇ ዳሰሰችው፣ ገባት፣ መቀሷን ከአንገቷ ላይ አነሳች፣ ጨርቁ ምን ዓይነት እንደሆነ ስትነካው ደግሞ መልሳ ለቀቀችው።

«ይሄን ከቆረጥኩ ሁለታችንም ተሰረዝን» አለች።

«ሃያ ሰባት!» አለ ጠመኔ። «ለመጨረሻ ጊዜ!»

«ሂጂ!» እቴቴ በጀርባዬ ገፈተረችኝ። «ከነኮቱ!»

መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩት አላውቅም። አንድ ባለብስክሌት ሰድቦኛል፣ ያ ትዝ ይለኛል። በበሩ በኩል ልዙር ብል ግቢው ሩቅ ነው። ቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ተራ ቁጥር አንድ፣ ድሮ አብራኝ የምትቀመጠው ወሬኛ፣ ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ። እሷ ስትስበኝ የኮቱ እጅጌ የመስኮቱ ብረት ላይ ተሰካ። አንዱ አላቀቀው፣ ሌላው ጎተተኝ፣ በግንባሬ ልደፋ ስል ጠረጴዛ ያዝኩና ቆምኩ።

ዳይሬክተሩ አንዴ እኔን አንዴ ጉልበቴን ያያሉ።

«ይሄ... ይሄ የእኔ ኮት አይደለም እንዴ?»

«ነው ጌታዬ። በጠዋት ይድረስልኝ ብለው አልነበር?»

«አንቺ ላይ ምን ይሠራል?»

«ተሰፍቶ ነው ጌታዬ።»

ክፍሉ ሊፈነዳ ደረሰ። ጠመኔ ግን አልሳቀም። መነጽሩን አደረገ፣ ስም መጥሪያውን አነሳ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ልክ እንደ ሌላው ቀን፣

«ሃያ ሰባት» አለ።

«አቤት!»

ድምፄ ተሰበረ፤ ከሩጫው ነው። እርሳሱን አንስቶ ምልክት አደረገ። ከዚያ መዝገቡን ወደ ዳይሬክተሩ ገፋ አደረገላቸው። «ሠላሳ አራት ቀን ነው ጌታዬ።»

ዳይሬክተሩ መዝገቡን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ እኔን አዩ። እስክሪብቶው ቁጥሬ ላይ ትንሽ ዞረ። ከዚያ በልማድ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሊያስገቡት ሲሉ ኪስ የለም፤ ኪሱ እኔ ጉልበት ጋ ነው ያለው። ጎንበስ ብለው እዚያው አስገቡት።

«ከስብሰባዬ በፊት ተርትሪልኝ» አሉና በሸሚዛቸው ወጡ።

ጠመኔ ኮምፓሱን ሰጠኝ። በክብ መሥሪያ ሹል የዳይሬክተር ኮት የተረተረች ተማሪ ካለች እኔ ብቻ ነኝ። እየተረተርኩ ግን ጆሮዬ ማዶ ነው። የእቴቴ መኪና ይሄዳል፣ ትርርር ይላል። ከመሄዴ በፊት ያስገባሁት ክር ነው። ይሄዳል። ይሄዳል። ኮቱን ጨርሼ ላኩት። መኪናው ይሄዳል።

ቆመ።

ብድግ አልኩ።

«የት?» አለ ጠመኔ፣ ከሰሌዳው ሳይዞር።

«ክር ተበጠሰ።»

«ተቀመጪ።»

«ቲቸር፣ ለአንድ ደቂቃ...»

«ተቀመጪ ሃያ ሰባት።» ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመረ። «ጥያቄ። በጠዋት ስድስት ክፍለ ጊዜ አለ። በየደወሉ አንድ ልጅ መንገዱን ተሻግሮ አንድ መርፌ ላይ ክር ያስገባል። ልጆቹ ሃምሳ ሁለት ናቸው። ከአንድ ቁጥር የጀመረ ተራ ወደ አንድ ቁጥር የሚመለሰው በስንተኛው ቀን ነው?»

ትናንት በራችን ላይ ሲቆጥር የነበረው ይሄንን ነበር ለካ።

ክፍሉ አጎንብሶ መቁጠር ጀመረ። እኔ ግን መቁጠር አቃተኝ። መኪናው ዝም ብሏል። ዝም ሲል ምን እያደረገች ነው? አየር ላይ እየሰካች ነው? መቀሷን እየፈለገች ነው? ቀና ብዬ ሳይ እቴቴ መኪናውን ትታ በር ላይ ወጥታለች፤ ከትራሱ አንዷን መርፌ በጭራዋ ስባ አዝራር ትተክላለች። አሥራ ስምንት ነበሩ። አሁን አሥራ ሰባት።

«ዘጠነኛው ቀን» አልኩ ድንገት።

«እጅ ሳታወጪ?»

እጄን አወጣሁ። «ዘጠነኛው ቀን፣ ቲቸር።»

ደወሉ ተደወለ። ወሬኛዋ ተራ ቁጥር አንድ በሩን አልጠበቀችም፣ በእኔው መስኮት ዘለለች። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አየን። እቴቴ ፊት ቆመች፣ መኪናው ላይ ጎንበስ አለች። ቆየች። በጣም ቆየች። ወሬ ጀምራ ከሆነ አስቁሙልኝ ብዬ ልጮህ ስል፣

ትርርር።

«ደግሞ ነይ እሺ፣ አንቺ ፈጣን!» የእቴቴ ድምፅ ከማዶ ተሰማ። እኔን ፈጣን ብላኝ አታውቅም። ትንሽ ቀናሁ፣ አልዋሽም።

«ሃያ ሰባት» አለ ጠመኔ። ዛሬ ሒሳብ ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው።

«አቤት!»

«ዘጠነኛ ያልሽው እንዴት እንደመጣ ወጥተሽ አሳዪ።»

ጠመኔውን ተቀበልኩት። ቀሚሴ ላይ አንድ ስንዝር የመርፌ ቀዳዳ ተሰልፏል፣ እግሬ ዛሬም ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ጆሮዬም ከማዶ አልተመለሰም። በሌላው ጆሮዬ እየሰማሁ ስድስትን በስምንት ማባዛት ጀመርኩ።