የይታየሽ ቁራሽ

ይታየሽ የአባቷን መቋሚያ በአቡጀዲ ጥቅል ውስጥ ሸጉጣ ጫፉን ስትሸፍን የግቢው በር ተንኳኳ። ጥቅሉን ከልብስ ስፌት መኪናዋ ጀርባ አቆመችውና፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ነጠላዋን አስተካክላ ልትከፍት ወጣች። አባቷ ቄስ አሥራተ ማርያም ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ያለ መቋሚያ የሰቆጣን ዳገት አንድ እርምጃ እንኳ አይሞክሩትም።

በር ላይ የቆሙት የፈራቻቸው ሰዎች ነበሩ፤ ከዝቋላ ቆላ የመጡት ወለተ ሰንበትና ባሏ ምንይሉ። ወለተ ሰንበት ዕድሜዋ ከይታየሽ እኩል ነው፤ ፊቷን ፀሐይ አክስሎታል፣ እግሯ አቧራ ለብሷል።

"አባታችን አሉ?" አለች ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

አባታችን! የማን አባት? ይታየሽ ይህን ቃል በሰማች ቁጥር ቅናት አንጀቷን ይበላዋል። አባቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካህን ባልደረሰበት ቆላ እየዞሩ፣ በእናታቸው ቋንቋ በኽምጣና ወንጌል ሲያስተምሩ ኖረዋል። መስከረም ሲጠባ ወጥተው ለገና ይመለሳሉ፤ ከጥምቀት ማግስት ወጥተው ለፋሲካ። ቆላው አባት አገኘ፣ እሷ ግን በየበዓሉ እንግዳ ተቀበለች። ስትዳር እንኳ የመረቃት ጎረቤት ነበር፤ እሳቸው አቧራቸውን እያራገፉ የደረሱት በሦስተኛው ቀን ነው። ኽምጣናውንም ቢሆን "አንቺ አማርኛውን ያዢ፣ ለትምህርትሽ ይበጅሻል" ብለው ሳያስተምሯት ቀሩ።

አሁን ደግሞ ይቺ እሑድ መጣች። የይታየሽ ሴት ልጅ እሑድ ሰማንያ ቀን ይሞላታል። "በገዛ እጄ አጠምቃታለሁ" ብለው አያትየው ቃል ገብተዋል። በዚያው እሑድ ግን የዝቋላዎቹ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤት ሆነና፣ ታቦታችን ያለ እሳቸው አይገባም ብለው ሊወስዷቸው መጡ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ይታየሽም ዘንድሮ የያዘችውን ላትለቅ ምላለች።

እንግዶቹ መስቀል ተሳልመው ከመደቡ ተቀመጡ። ወዲያው ወሬው በኽምጣና ሆነ። ሽማግሌው ሳቁ። ይታየሽ እንዲህ ከሆዳቸው ሲስቁ ያየቻቸው መቼ ነበር? ከእሷ ጋር ጨዋታቸው "ሕፃኗ ተኛች? ዝናቡ ቆመ?" ነው። በንዴት የመኪናዋን መርገጫ ስትደቀድቀው ድምፁ ቤቱን ሞላው።

"ምን አሳቃችሁ?" አለች ክሯን እየበጠሰች።

"ምንም፣ የቆላ ጨዋታ ነው ልጄ" አሉ ቄስ አሥራተ ማርያም።

ምንይሉ ጉሮሮውን ጠረገ። "አባታችን፣ መኪናው በስምንት ሰዓት ይነሳል። በቅሎዋን መኪናው የሚቆምበት ጽጽቃ አስረናታል። ከዚያ እኛ ደግፈን እናደርስዎታለን።"

ሽማግሌው መቋሚያው ሁልጊዜ ወደሚቆምበት ጥግ ተመለከቱ። ከዚያ ዐይናቸው በአቡጀዲው ጥቅል ላይ ጥቂት ቆየ። ጥቅሉ አናቱ ላይ እብጥ ብሏል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ምንም አልጠየቁም። መልሱን የሰጡት ይታየሽ እንድትሰማው በአማርኛ ነበር።

"ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል። አልሄድም። ሌላ ካህን ያስገባላችሁ።"

ወለተ ሰንበት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። ምንይሉ መሬት መሬቱን አየ። "የመሠረቱን ድንጋይ የባረኩት እርስዎ ነበሩ" አለ ቀስ ብሎ።

"አውቃለሁ።"

ይታየሽ አሸነፈች። አንጀቷ ቅቤ መጠጣት ነበረበት፤ ግን አልጠጣም። አባቷ በሕይወታቸው ሲዋሹ ሰምታቸው አታውቅም። ዛሬ ለእሷ ብለው፣ የእሷን ስርቆት ሸፍነው ዋሹ። እጃቸው መቋሚያ በለመደው ቦታ ባዶውን ይጨብጣል።

"እንግዲያው ስንቃችንን ይባርኩልን፣ ቀምሰን እንመለስ" አለች ወለተ ሰንበት፤ ከጨርቅ የማሽላ ቂጣ ፈታች። ሽማግሌው ባርከው ቆረሱ። ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ቁራሽ ከእጃቸው ተቀብላ ተነሣችና በሁለት እጇ ለይታየሽ ዘረጋች።

"እንኪ፣ የይታየሽ።"

"የኔ ምን?"

"የይታየሽ ቁራሽ ነዋ! አታውቂም እንዴ?" ወለተ ሰንበት ተገርማ ወደ ሽማግሌው ዞረች፤ እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። "አባታችን ቤታችን ገብተው ሲቆርሱ የመጀመሪያውን ለብቻው ያስቀምጣሉ። 'ይህ የይታየሽ ነው፤ እኔ እዚህ ስበላ እሷ ምን በልታ ይሆን?' ይላሉ። ከዚያ ለአንዱ ሕፃን ይሰጡታል። አገሩ ሁሉ ለምዶት፣ እሳቸው በሌሉበትም የመጀመሪያው ቁራሽ የይታየሽ ነው።"

ይታየሽ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

"ልጅ ሆኜ እንዴት ስቀናብሽ ነበር!" አለች ወለተ ሰንበት እየሳቀች። "የወለደኝ ሞቷል፤ ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ሲቆርሱ ስምሽን ይጠራሉ። አንድ ቀን ተናድጄ ቁራሽሽን ሰርቄ በላሁት። የማን እንደሆነ እናቴ በአርጩሜ ነው የነገረችኝ።"

ይታየሽ ቁራሹን ተቀብላ ጎረሰች። ደረቅ ነው፤ ጨውም በዝቶበታል። ሠላሳ ዓመት የሌላ ሰው ልጆች ሲበሉላት የኖሩት ይህንኑ ነው። ደስ አላት፤ ቅናቱ ግን አልለቀቃትም።

"አባዬ፣ ይህን ለምን አልነገሩኝም?"

"ምን ብዬ?" አሉ ሽማግሌው አንገታቸውን ሳያቀኑ። "አንቺ እዚህ ሳትበዪው፣ ቁራሽ አስቀምጬልሻለሁ ልበልሽ?"

ይታየሽ ብድግ አለች። የአቡጀዲውን ጥቅል ጎትታ ፈታችው። መቋሚያው ወለሉ ላይ ተንከባሎ ምንይሉ እግር ሥር ቆመ። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንስታ በአባቷ መዳፍ ውስጥ አኖረችው።

"ጉልበትዎ ይኸውልዎ። እኔ ነኝ የደበቅሁት፣ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉ ቄስ አሥራተ ማርያም። ወዲያው ግን ወደ ሕፃኗ አልጋ አዩ። "ቃሌስ? ልጅቷስ?"

"ልጅቷ እዚያው ትጠመቃለች። እንደ ድሮው እኔን ትተው የሚሄዱ መስሎዎታል? እርስዎ በበቅሎዋ፣ እኔ ልጄን አዝዬ በእግሬ። ለባሌ እደውልለታለሁ፤ ካለበት ከአምደወርቅ ወዲህ መምጣቱን ትቶ እዚያው ይድረስ።"

ወለተ ሰንበት እልልታዋን ልታቀልጠው ስትል ይታየሽ እጇን ይዛ አስቆመቻት።

"ቆይ፣ እሑድ ስንት ሕፃናት ይጠመቃሉ?"

"አሥራ አንድ ናቸው።"

"እንግዲያው የኔ ከሁሉም ትቀድማለች። የመጀመሪያው የይታየሽ ነው ያላችሁት እናንተ ናችሁ" አለችና፣ ለሕፃኗ የሰፋችውን ነጭ ቀሚስ ማጣጠፍ ጀመረች።