«ታሰረ!» ያለችው እህት

ድዋይት ክሮል በአሜሪካዊቷ ወረዳ በኮልተር ካውንቲ ለጸሐፊነት ሲወዳደር ወሬው አንድ ብቻ ነበር፤ ያለፈው ምርጫ ተሰርቋል፣ ሌባዋም ሎርና ሃስኬት ናት። ተፎካካሪው ሎርና በዚያው ወንበር ላይ ሆና ምርጫ ስታስፈጽም ነው ፀጉሯ የሸበተው። እሱ ግን በአጥሩ ላይ «ሎርና ትታሰር!» የሚል ሰሌዳ ተከለ። ብዙዎችም ተከሉ። ያ ሰሌዳ ከቢሮዋ ይልቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጎዳት፤ ከጎኗ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ።

ቆጠራው ሲያልቅ ሎርና በሠላሳ አንድ ድምፅ አሸነፈች። ድዋይትማ ምን ይላል? «ማሽኑ ዋሽቷል፤ በእጅ ይቆጠር!» አለ።

«ይቆጠራ!» አለች ሎርና። «ከቆጣሪዎቹ ግማሹን አንተው ምረጥ።»

መጀመሪያ የመረጠው ታላቅ እህቱን ቬርናን ነበር። ቬርና ያንኑ ሰሌዳ በደጇ የተከለች፣ በአገሩ ቃሏን የሚጠራጠር የሌለ ባልቴት ናት።

የከብት ትርኢት በሚካሄድበት አዳራሽ ጠረጴዛ ተደረደረ። ሎርናና ድዋይት ተወዳዳሪ ስለሆኑ ቆጣሪዎቹን ከተመልካች ከሚለየው ገመድ ወዲህ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንዱ ድምፁን ያነባል፤ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው መስመር ያሰምራል። አምስተኛዋ መስመር አራቱን አቋርጣ እንደ ነዶ ስታስር ሁለቱም እኩል «ታሰረ!» ይላሉ። እኩል ካላሉ ብዕር ተጥሎ ያ የድምፅ ወረቀት እሽግ እንደገና ይቆጠራል።

«ታሰረ!» ትላለች ቬርና። «ታሰረ!» ይላል አጠገቧ ያለው የሎርና ወገን፣ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ሆሊስ። ሎርና ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች። ድዋይት ወራት ሙሉ የተመኘላት ቃል ይኸው በእህቱ አፍ ሲደጋገም ዋለ፤ የሚታሰረው ግን ድምፅ ነው።

ከምሳ በኋላ ሆሊስ ብቻውን «ታሰረ!» አለ። ቬርና ገና አራተኛዋ መስመር ላይ ነበረች።

ድዋይት ከወንበሩ ዘለለ። «ያዝኳቸው! አላልኳችሁም? ሌቦች!»

ቬርና መነጽሯን ከፍ አደረገች። «ዝም በል አንተ! ስታጉረመርም እኮ ነው አንዷን የዘለልኳት።»

«ቬርናዬ፣ እነሱ እኮ...»

«የእኔ ስህተት ነው አልኩህ! ስትሸነፍ ዳማውን የምትገለብጥበት ልጅነት መቼ ነው የሚለቅህ? ቁጭ በል!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እንደገና ሲቆጠር የተዘለለችው መስመር የሎርና ሆና ተገኘች።

ወደ ማታ ቆጠራውን የሚመሩት ዳኛ ውጤቱን አነበቡ፤ ሎርና፣ በዚያው በሠላሳ አንድ ድምፅ። ድዋይት ተነሳ፤ ፊቱ በርበሬ መስሏል።

«ይኼም ተሰርቋል!»

ቬርና ብዕሯን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ማን ሰረቀው?»

ድዋይት ጣቱን ወደ ቆጣሪዎቹ ጠረጴዛ ቀሰረ።

«የቆጠረው እጅ የእኔ ነው፣ ድዋይት። ሌባዋ እኔ ነኝ? እስቲ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት በለኝ!»

ድዋይት ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ጭብጨባው የጀመረው እሱ ራሱ ከመረጣቸው ሰዎች ጠረጴዛ ነው። ሎርና እንባዋን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረችም፤ ደስታ ነው፣ ምን ያሳፍራል?

እሁድ ሎርና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሰሞኑ ብቻዋን ተቀምጣ ሳለ ቬርና በመካከለኛው መተላለፊያ፣ ሁሉም እያያት መጣች።

«ሰው አለበት?»

«የለም፤ ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ቬርና።»

ቬርና ተቀመጠችና ክንዷን በሎርና ክንድ ቆለፈች። ከኋላ ያሉትም እንዲሰሙ አድርጋ፣ «ታሰረ!» አለች።