ያልታጠበ እጅ

ባሏ ያንን የረጅም መንገድ ሞተር ሳይክል ከገዛ ወዲህ ቤቱ የሞተሩ ሆኗል። ሦስት መቶ ኪሎ የሚመዝነው ጉድ ሳሎኑ መስኮት ሥር ብርድ ልብስ ለብሶ ያድራል፤ ብርድ ልብሱም የእሷ ነው። አንድ ቀን መስተዋቱን ነካ ብታደርግ፣ «እጅሽን ሳትታጠቢ እንዳትነኪው አላልኩሽም?» ብሎ በጎረቤት ፊት አምባረቀባት። እሷም ቂሙን ያዘች።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰውዬው ሞተሩን እያስጓራ ግቢ ገባ። ጎረቤቶቹ ከየበረንዳቸው አይተውት እንደሆነ ቀና ብሎ ሲቃኝ የጎን መቆሚያውን ማውረድ ረሳና ሊወርድ ዘንበል አለ። ሞተሩም አብሮት ወደቀና እግሩ ላይ ተጋደመበት።

«አንቺ! ኧረ ድረሽ! አንሺልኝ!»

ሽንኩርት እየከተፈች ነበርና ቢላዋውን እንደያዘች ወጣች። አስተውላ አየችው። የጫማው ጫፍ ይንቀሳቀሳል፤ እግሩ አልተሰበረም። አፉም እንደ ወትሮው ደህና ነው።

«ምን ይገትርሻል? ያዢው እንጂ!»

«ቆይ፣» አለችው፣ በረንዳው ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «እጄን ታጥቤ ልምጣ።»

ገባችና የቀረውን ሽንኩርት መክተፍ ቀጠለች።