ጨው የተባለው ባልዲ

ንቢት የሚለውን ስም ያወጣችላት እናቷ ናት። ማር ስለምትሰጥ እንዳይመስላችሁ። በአራት ዓመቷ ታላቅ ወንድሟ እርሳሷን ቢነካባት ክንዱን ነክሳ አልለቅም ብላ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተጋግዘው ነው ያላቀቋት። አድጋ፣ ተምራ፣ ነጭ ጋውን ለብሳ በምርምር ተቋሙ ምድር ቤት የሽሪምፕ ክፍል ኃላፊ ስትሆንም ንዴቷ አብሯት ተሾመ።

ሥራዋ ሽሪምፕ የሚባለው፣ ጣት የሚያክለው የባሕር ፍጥረት የሚሰማውን ጭንቀት መለካት ነው። ይህን ስትናገር የማይስቅ ሰው አላጋጠማትም። «ሽሪምፕ ደግሞ ምን ያስጨንቀዋል? የቤት ኪራይ የለበት!» ይሏታል፤ ሁሉም ቀልዱን የፈጠረው እሱ ብቻ ይመስለዋል። ሽሪምፕ ግን ይጨነቃል። ሲጣበብ፣ ሲሞቀው፣ ውሃው ሲበላሽበት የደሙ ስኳር ልክ እንደ ሰው ከፍ ይላል። ንቢት ከእግሩ ሥር በቀጭን መርፌ አንዲት ጠብታ ትቀዳና ትለካለች። አሥራ ሁለት ገንዳ፣ በየገንዳው አርባ ሽሪምፕ፣ ዘጠና ቀን የሚፈጅ ሙከራ ይዛ ነበር። ግማሾቹን ጭንቀት እንዲችሉ ያደርጋል ያለችውን መኖ ትመግባለች፤ ግማሾቹን ተራውን። በሰማንያ አራተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ከፈተች።

ፓምፖቹ እንደወትሮው ይንፈቀፈቃሉ። ውሃው ጥርት ብሏል። ሽሪምፖቹ ግን ከገንዳው ወለል ላይ በጎናቸው ተኝተዋል፤ እንደ መስታወት ማሳየት የነበረበት ሥጋቸው እንደተቀቀለ እንቁላል ነጥቷል። ከአራት መቶ ሰማንያው እግሩን የሚያንቀሳቅስ ሠላሳ አንድ ብቻ ቆጠረች።

ገንዳዎቹ አጠገብ ጋሽ ውሃ ባልዲ ይዘው ቆመዋል። ሕንፃው በሙሉ፣ የተቋሙ ዲን ሳይቀሩ፣ ጋሽ ውሃ ነው የሚላቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ገንዳ ሲያጥቡ፣ ውሃ ሲቀይሩ የጣቶቻቸው ጫፍ ተጨማዶ ቀርቷል። ሽሪምፕ ከመንካትሽ በፊት እጅሽን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቆዪ፣ የሰው እጅ ለእሱ እሳት ነው ብለው ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«ምን አደረግካቸው?» አለች።

ልብ በሉ፣ «ምን አደረጓቸው» አላለችም። ስድስት ዓመት «እርስዎ» ስትላቸው የኖረችውን ሰው አንድ ጠዋት «አንተ» አለቻቸው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእሷ አፍ ግን አምልጧት አልነበረም፣ እያየች ለቀቀችው።

«ትናንት ውሃ የቀየርከው አንተ ነህ! ገደልክብኝ! ሃያ ሁለት ዓመት ውሃ ስትቀዳ ኖረህ ውሃ መቀየር አልተማርክም?»

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሥራ የሚገባው ሰው ኮሪደሩ ላይ ቆመ፤ ጸሐፊዎቹ፣ ተማሪዎቹ፣ ጥበቃው። ጋሽ ውሃ ባልዲውን አስቀመጡ፤ ፎጣቸውን ቧንቧው ላይ ሰቀሉ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው በሰዉ መሃል አልፈው ሄዱ።

ከሰዓት በፊት ደብዳቤ ወጣባቸው። በቸልተኝነት የምርምር ሥራ በማበላሸት ከሥራ ታግደዋል፤ ሰኞ ዲኑ ውሳኔ ይሰጣሉ። ውሳኔው ምን እንደሆነ ያላወቀ አልነበረም። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር።

ንቢት ደግሞ ንዴቷን ይዛ ሥራ ገባች። ከሠላሳ አንዱ ደም ቀዳች። የመጨናነቅን ቁጥር ታውቀዋለች፣ የሙቀትን ታውቀዋለች፣ የረሃብን ታውቀዋለች። ይሄኛው ስኳር ከሁሉም ሦስት እጥፍ ነው፤ እንዲህ ያለ ጭንቀት በስድስት ዓመት አይታ አታውቅም። ውሃውን ለካች። ሙቀቱ ልክ ነው። አየሩ ልክ ነው። የጨው መለኪያውም ሃያ አምስት ይላል፣ ጥርት ያለ ሃያ አምስት። ልክ በሆነ ውሃ ውስጥ ያ ሁሉ ሽሪምፕ ሞተ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ይባስ አናደዳት።

የጨው መለኪያ የሚሉት መሣሪያ ብርሃን በውሃው ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚታጠፍ አይቶ ነው የሚናገረው። ምን ያህል እንደሟሟ እንጂ ምን እንደሟሟ አያውቅም። ይህ ትዝ ሲላት ወደ መጋዘኑ ሄደች።

መጋዘኑን ምድር ቤቱና ላይኛው ፎቅ በጋራ ይጠቀሙበታል። የእሷ የባሕር ጨው፣ ማኅተሙ ያልተፈታ፣ ከጥጉ ተገፍቶ ቆሟል። ከፊቱ ሌላ ነጭ ባልዲ አለ፤ ከግማሽ በታች ጎድሏል። ክዳኑ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ በሰማያዊ እስክሪብቶ አንድ ቃል ተጽፎበታል። ጨው። ፊደሉን ወደ ግራ እንዲህ የሚያጋድል አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው፣ ታላቅ ወንድሟን፤ በልጅነቷ የቤት ሥራዋን እሱ ሲሠራላት በአስተማሪ የተያዘችው በዚሁ ጽሑፍ ነው።

አንድ ማንኪያ ቀድታ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመረች፣ አማሰለች። ብርጭቆው እጇ ላይ ሞቀ። ሁለተኛ ማንኪያ ጨመረች። ይባስ ሞቀ።

ያን ጊዜ ረቡዕ ከሰዓት ትዝ አላት። ጋሽ ውሃ የቢሮዋ በር ላይ ቆመው፣ እጃቸውን በጋውናቸው እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ የዛሬው ጨው ውሃውን ያሞቀዋል» ብለዋት ነበር። እሷ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ፣ «ጨው ውሃ አያሞቅም፣ ጋሽ ውሃ። ቴርሞሜትር አለ አይደል? እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ» አለች። እሳቸውም ጠበቁ። ቀዘቀዘ። ለኩ። ሃያ አምስት አለ። እንደታዘዙት ገንዳዎቹ ውስጥ ጨመሩ።

ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ብለው ይጥሉሃል ይላሉ አዋቂዎች። ይህ ጨው ድንጋይ ቢሆን ይሻል ነበር። ንቢት ብርጭቆውን ይዛ ቆማ ቀረች። እስከዚያች ደቂቃ ወደ ውጭ ሲወረወር የነበረው ንዴቷ ዞሮ ራሷን መጣባት። ታዲያ ምን አደረገች? ሰው ሁሉ የሚያደርገውን። የምትጭንበት ሌላ ሰው ፈለገች። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወደ ላይ ወጣች።

ታላቅ ወንድሟ ላይኛው ፎቅ ላይ የባትሪ ማቴሪያል የሚሠራ ኬሚስት ነው፤ ሕንፃው «ባትሪው» ይለዋል። ዱቄቶቹን ከጨው ጋር ቀላቅሎ ምድጃ ውስጥ ጨውን ያቀልጠዋል፤ በቀለጠው ጨው ውስጥ የሚፈልገው ነገር ይበቅላል፣ ከዚያ ጨውን አጥቦ ይደፋዋል። አዲሱን ምድጃውን ለማየት ማክሰኞ ከፋብሪካ እንግዶች ስለሚመጡ መስታወት እየወለወለ አገኘችው።

«መጋዘን ያለው ባልዲ የማነው?»

«የቱ ባልዲ?»

«ጨው ብለህ የጻፍክበት!»

«የእኔ ነው። ምን ሆነ?»

«ውስጡ ያለው ምንድነው?»

«ጨው ነዋ።»

«የምን ጨው?»

«ሊቲየም ክሎራይድ። ጨው አይደለም እንዴ? ማንንም ኬሚስት ጠይቂ።»

«ለሽሪምፖቼ መርዝ ነው! እኔ ኬሚስት አይደለሁም! ጋሽ ውሃም ኬሚስት አይደሉም! ከዚህ ፎቅ በታች ያለ ፍጥረት ሁሉ ጨው ሲባል ጨው ነው የሚመስለው! ስሙን መጻፍ እጅህን ይቆርጠው ነበር?»

ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። ግን ምን አደረገ መሰላችሁ? ሄዶ በሩን ዘጋ።

«ቀስ በይ፣ ንቢት። ያለ ሙሉ ምልክት ኬሚካል በጋራ መጋዘን ማስቀመጥ ምን እንደሚያመጣ ታውቂያለሽ። ይህ ከተሰማ ማክሰኞ የሚመጣ እንግዳ የለም፤ ምድጃውን ያሽጉብኛል። የአምስት ዓመት ልፋቴ ነው።»

«የእኔስ?»

«ሽሪምፕ ነው እኮ። እንደገና ትጀምሪያለሽ።»

«ጋሽ ውሃስ? እሳቸውም እንደገና ይጀምራሉ?»

«ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው። ሌላ ቦታ አፈላልግላቸዋለሁ፣ እኔ አለሁ።»

እንደ ልጅነቷ ክንዱን በጥርሷ ብትይዘው ደስ ባላት። ወጥታ በሩን መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ወረወረችው።

ቅዳሜ እናቷ ደወለች። ባትሪው ቀድሟት አልቅሶ ነበር።

«ሰማሁ» አለች እናቷ፤ «የቤት ገመና አደባባይ አይሰጣም፣ ልጄ።»

«እማዬ፣ ሽማግሌው በሐሰት ሊባረሩ ነው።»

«ያሳዝናሉ። እኔም አዝኛለሁ። ግን የሞተው ሞቷል፤ አንቺ ደግሞ ወንድምሽን አትግደይ።»

«እሱ ሲገድል ማን ቆጣው?»

«አሁንም ምላስሽ!» ብላ ዘጋችባት። ንቢት ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውራ በንዴት አለቀሰች። ስታለቅስ ደግሞ ይባስ የሚያናድዳት ማልቀሷ ነው።

ሰኞ በዲኑ ቢሮ ሦስት ሰው ተቀመጠ፤ ዲኑ፣ ንቢትና ባትሪው። የሚፈረድባቸው ሰውዬ አልተጠሩም። ንቢት ባልዲውን ተሸክማ ገብታ ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቶቹ ላይ ዘጭ አደረገችው። ጨው የሚለውን አሳየች፣ ብርጭቆውን አሞቀች፣ ወንድሟን በጣቷ ጠቆመች። ባትሪው አልካደም፤ አንገቱን ደፋ።

ጋሽ ውሃ ረቡዕ መጥተው ስለነገሯት ግን ትንፍሽ አላለችም። ሊጠይቃት የመጣ የለም፤ እሷም አላነሳችም።

ዲኑ ባልዲውን አይተው፣ ሰዓታቸውን አይተው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሠራተኛው ወደ ሥራው ይመለሳል። ምክንያቱ የቴክኒክ ችግር ተብሎ ይጻፋል። አንተም ሁለተኛ እንዳይለምድህ። ነገሩ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ፤ ሁላችንም ጨዋ ሰዎች ነን።»

ጨዋነት ማለት በእሳቸው መዝገበ ቃላት አፍ መያዝ ነው። ንቢት ግን የፈለገችውን ያገኘች መስሏት ዝም አለች። ባትሪው ሳያያት በሌላው ደረጃ ወጣ።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ውሃ ተመልሰው ገንዳ ሲፈትጉ አገኘቻቸው። ሰው እንዳይሰማ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ጋሽ ውሃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተናድጄ ነው እንጂ እርስዎን ለማለት አልነበረም። ያጠፋው ወንድሜ ነው፤ ተጣርቷል።»

«ይቅር ብያለሁ» አሉ፤ ግን ብሩሹ አላቆመም።

«እውነትዎን ነው?»

«እኔ ቂም አልይዝም። ሞቀ ብዬሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ለዲኑ ነገርሻቸው?»

ንቢት ያልላላውን የፓምፕ ቱቦ ማጥበቅ ጀመረች። ጋሽ ውሃ ብሩሹን አጠቡና ቀና አሉ። «ልጄ፣ ስትሰድቢኝ በሩ ክፍት ነበር። ያን ቀን የሰማሽ ሰው ሁሉ ዛሬ ደረጃው ላይ ሲያገኘኝ መሬት መሬት አየ። ጥበቃው እንኳ፣ አሥር ዓመት አብሮኝ ሲስቅ የኖረው፣ እንደ ለቅሶ ቤት እጄን ጨበጠኝ። ወደ ሥራ የተመለስኩበትን ደብዳቤ ለእነሱ ያነበበላቸው የለም። ለእነሱ ገዳዩ አሁንም እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የተናደደችው በእሳቸው ነው፤ ምን ይደበቃል። ሥራቸውን አስመልሻለሁ፣ ወንድሜን አጥቻለሁ፣ እናቴ ስልክ አታነሳልኝም፣ ከዚህ ሌላ ምን ላምጣ አለች በሆዷ። ከዚያ የራሷ እጅ የዘጋውን በር አየችው፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ሄዳ ከፈተችው።

ኮሪደሩ ሙሉ ነበር። የፋብሪካው እንግዶች ሕንፃውን ሊጎበኙ በደረጃው ወርደዋል፤ ዲኑ ከፊት፣ ባትሪው ሱፍ ለብሶ ከጎናቸው። ጸሐፊዎቹ ሊያዩ ወጥተዋል፣ ጥበቃውም አለ። ባትሪው ፊቷን ሲያይ ምን ሊመጣ እንደሆነ ገባው፤ የእናቱ ልጅ ናትና ያውቃታል። በከንፈሩ ብቻ «ንቢት፣ በእማዬ» አላት።

«ሁላችሁም ስሙ!» አለች፣ ያን ሐሙስ በጮኸችበት ድምፅ። «ጋሽ ውሃን ገደልክብኝ ብዬ የሰደብኳቸው እኔ ነኝ፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሽሪምፖቹን አልገደሉም! ሊቲየሙን ጨው ብሎ ጽፎ መጋዘን ያስቀመጠው ወንድሜ ነው፣ ያውላችሁ፣ ሱፍ የለበሰው። ጋሽ ውሃ ውሃው ሞቀ ብለው መጥተው ነግረውኝ ነበር። ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ። ብሰማቸው ኖሮ አንድም አይሞትም ነበር! እሳቸው ያወቁትን እኔ አላወቅኩም!»

ከእንግዶቹ አንዱ ወደ ባትሪው ዞሮ «ምንድነው የምትለው?» አለ። ጋሽ ውሃ እጃቸው እንደረጠበ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ፤ ጥበቃው ቀና ብሎ አያቸው።

«በሩን ዝጊው!» አሉ ዲኑ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ንቢት በሩን ግድግዳው ጋ እስኪደርስ ገፋችው።