አይብ ለጋሽ ደገፉ

እና ደግሞ ይቅርታ፣ እጅ ጽሑፌ አያምርም፣ ፊደልም እገድፋለሁ፣ ስምንተኛን ያለፍኩት በግድ ነው፣ ሰው ፊት አፌ ስለማይፈታ ነው የምጽፈው፣ አሁን ዲምቱ መንደር ውስጥ ነኝ፣ ጋሽ ደገፉ ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ በእጄ በኮባ የተጠቀለለ አይብ። ጋሽ ደገፉ፣ የቲማቲም እርሻው ካቦ። እህቴን ሩትን የተባይ ኬሚካል በባዶ እጇ ያስበጠበጣት፣ ጓንት ስትለው፣ ሙሽራ ነሽ እንዴ ጓንት የሚያምርሽ፣ ብሎ ሠራተኛውን ሁሉ ያሳቀባት፣ ይኸው ዛሬ ማንኪያ አትይዝም፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። አሁን ደግሞ ተራው የእሱ ሆነ። መርጫው ተሰንጥቆ ኬሚካሉ ጀርባው ላይ ፈሰሰበት። እሰይ። ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ፣ እሰይ።

ሚስቱ እትዬ ጥሩወርቅ ናት የላከችብን፣ እርጎ ስጡኝ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ብሩክታይት መክራኝ ነው፣ ብላ። ብሩክታይት ለእኛም ነግራናለች፣ እርጎ ውስጥ ጠቃሚ ባክቴሪያ አለ፣ በዓይን አይታይም፣ አንጀት ሲገባ መርዝ ይዞ ይወጣል ይባላል፣ መድኃኒት እንዳይመስላችሁ፣ ሐኪም ቤት አትቅሩ፣ ያግዛል ነው የምላችሁ፣ እሳት ካየ ግን ይሞታል። ይሞታል። ያቺን ቃል ያዝኳት።

እርጎውን እሳት ላይ ጣድኩት፣ ቀስ እያለ ተቋጠረ፣ አጓቱን አጠለልኩ፣ በቅቤና በኮረሪማ ለወስኩት፣ እኛ ጋ በሽተኛ ሊጠይቅ አይብ በቅቤ ይዞ የመጣ ሰው ይመረቃል እንጂ አይጠረጠርም፣ ማን ምን ይለኛል፣ አክብሬ ነው የምበቀልህ ጋሽ ደገፉ፣ ባክቴሪያህን ቀቅዬ።

እርጎ አልነበር ያልኩሽ፣ ትላለች እትዬ ጥሩወርቅ። ተያት፣ ይላል ከአልጋው፣ አይብ እያለ ማን እርጎ ይጠጣል፣ ሕፃን አረግሽኝ እንዴ፣ ነይ ልጄ፣ እደጊ። ሚስቱ ታጎርሰዋለች። ከንፈሩ በቅቤ ይወዛል። ብላ። ብላ እንጂ።

የማን ልጅ ነሽ አንቺ? የሩት እህት፣ እላለሁ፣ የቷ ሩት፣ ይላል፣ እርሻው ላይ ስንት ሩት አለች፣ ደግሞ አፉን ይከፍታል።

ነጠላዬ ስር ቅል አለ። እሳት ያላየ እርጎ፣ ጎኔን ያቀዘቅዘኛል፣ ለእማዬም ለሩትም ለማንም ያልነገርኩት ይኸን ነው፣ ሩት እንዴት ናት ቢለኝ ልሰጠው ነበር የያዝኩት።