በዓይን የተሰፋ ኮት

ልብስ ሰፊው ሰው በሜትር ለክቶ አያውቅም። ደንበኛው ደረጃውን ወጥቶ «እንደምን ዋላችሁ» እስኪል ድረስ ትከሻውን፣ ደረቱንና የክንዱን ርዝመት በዓይኑ ይዞ ይጨርሳል። ከቁልፍ ተካይነት ተነስቶ ባለ ፎቅ መደብር ለመክፈት የበቃው በዚሁ ዓይኑ ነው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምናል። ሠራተኞቹም «ዓይናማው» ይሉታል።

አባቱ ተሸካሚ ነበሩ። ልጅ ሆኖ ከቤት ሲወጣ «አንድ ቀን፣ ሙሉ ልብስ አለብስዎታለሁ» ቢላቸው፣ እስቲ መጀመሪያ የራስህን ጉልበት ሸፍን ብለው ሱሪውን እያዩ ሳቁበት። አልረሳውም። መደብሩ ሲመረቅ አባቱ ያንን ሙሉ ልብስ ለብሰው ከፊት ወንበር፣ ከአማቱ ጎን እንዲቀመጡለት ፈለገ። አማቱ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ልጃቸውን ከዳሩለት ጀምሮ የማን ልጅ እንደሆነ መጠየቅ አልተዉም።

የመደብሩ ጨርቅ ቆራጭ፣ ሰው ልከን ልካቸውን ብናስመጣስ ብሎት ነበር።

«ተሸክሞ ያሳደገኝን ትከሻ ልረሳው ነው?» አለና ራሱ ቆረጠው።

አባቱ በምረቃው ዕለት ከአውቶቡስ ወርደው መጡ። በጓሮ በር አስገብቶ ጓዳውን ከምረቃው አዳራሽ በሚለየው መጋረጃ ጀርባ ኮቱን አለበሳቸው። ትከሻው ወደ ክንድ ወረደ፣ እጅጌው ጣታቸውን ዋጠ። ያ ጆንያ የማይከብደው ሰውዬ አልቋል። እሳቸው ግን መስተዋት ፊት ዞር ዞር አሉ።

«እናትህ ብትኖር አብረን እንገባበት ነበር» አሉ ደስ ብሏቸው።

ልጃቸው አልሳቀም። የሚታየው ትከሻው ብቻ ነው። አዳራሹ ውስጥ የከተማው ልብስ ሰፊ ሁሉ ተቀምጧል፤ ይህን ማን ሰፋው ሲባባሉ ከወዲሁ ተሰማው። ቆራጩ በሹክሹክታ፣ ሹራባቸው ምን አላት፣ በእሷው ይውጡ አለው። እሱ እምቢ አለ። ያለ ኮቱማ ምኑን ምረቃ ሆነ!

«አባዬ፣ እዚሁ ትንሽ አረፍ ይበሉ። አስተካክለዋለሁ» ብሏቸው ወጣ።

እንግዳው በዝቶ መመለሻ አጣ። ጭብጨባው ጋብ ሲል አማቱ ባዶውን ወንበር እየነካኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ታዲያ አባትህስ?» አሉት።

«መንገድ ላይ ናቸው።»

መጋረጃው ስስ ነው።

መርፌና ጠመኔ ይዞ ሲገባ አባቱ ኮቱን አጥፈው፣ ሹራባቸውን ለብሰው ተነስተዋል።

«አባዬ፣ ትከሻው እኮ ነው…»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ሠርተህበታል፣ ጨርቁም ጥሩ ነው።» የታጠፈውን ኮት አቀበሉት። «መጥተዋል ብትል ግን ምን ይጎድልብህ ነበር?»

እንዲያድሩ ለመናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሰፍቶ እንደሚያደርሰው ማለላቸው። ጉንጩን ሳሙትና፣ መኪናው እንዳያመልጠኝ ብለው በመጡበት በር ወጡ። ወዲያው ከአዳራሹ ለፎቶግራፍ ተጠራ። «መጣሁ» አለ፤ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው።

ቢሮጥ ይደርስባቸው ነበር። ሽማግሌ ምን ያህል ይርቃል? ነገር ግን ደርሶ የሚላቸውን እያሰበ በሩ ላይ ቆመ። ያሳፈረኝ ኮቱ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም ይበላቸው? እውነት ይሁን አይሁን ለራሱም አልለይ አለው።